ከማን ሰማኸው? የተረሳው ጥያቄና ድረ ገጽ በመማሪያ ክፍል

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አጥር ተጠግቶ የተከፈተ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት በማለዳ ሲጨናነቅ ያየ ሰው፣ ትምህርቱ ከአጥሩ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ እያለ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ተማሪው የቤት ሥራውን ርእስ በቁራጭ ወረቀት ይዞ ይገባል። ባለ ሱቁ ርእሱን ጉግል ላይ ይጽፋል፤ መጀመሪያ ያገኘውን ገጽ ገልብጦ ያትማል፤ የተማሪውን፣ የክፍሉንና የመምህሩን ስም በትልልቅ ፊደላት ከሽፋኑ ላይ ያሰፍራል፤ ጠርዞም ሒሳቡን ይቀበላል። መምህሩ በበኩሉ ስድሳና ሰባ ጥራዝ ተከምሮ ስለሚጠብቀው ሽፋኑን ገለጥ፣ ገጹን ቆጠር አድርጎ ከአሥር ስምንት ይሰጣል። ሦስቱም ሥራቸውን ሠርተዋል፤ ጽሑፉን ግን ከሦስቱ አንዱም አላነበበውም። ይህም በየትምህርት ቤቱ «ምርምር» ይባላል።

በዚህ ልማድ የተቆጡ ሰዎች በሁለት ጎራ ተሰልፈው ይሟገታሉ። አንደኛው ጎራ ኢንተርኔት ተማሪን አስንፏልና ከትምህርት ቤት ደጃፍ ይራቅ ይላል፤ «ይዘጋ» ባይ ነው። ሁለተኛው ጎራ ደግሞ ጉዳቱ የመጣው ኢንተርኔት በመኖሩ ሳይሆን ባለመዳረሱ ነው፤ ኮምፒዩተርና መስመር በየክፍሉ ቢገባ ሌላው ሁሉ ተከትሎ ይመጣል ይላል፤ «ይገዛ» ባይ ነው። ሁለቱ ጎራዎች በባላንጣነት ቢተያዩም በአንድ ስሕተት ይገናኛሉ። ሁለቱም ዓይናቸውን የተከሉት በመሣሪያው ላይ ነው። ከመማሪያ ክፍል የጠፋው ግን መሣሪያ ሳይሆን አንድ አሮጌ ጥያቄ ነው፤ «ከማን ሰማኸው?» የሚለው ጥያቄ።

«ይዘጋ» ባዮች

የ«ይዘጋ» ባዮች ሙግት መነሻው ትዝታ ነው። ቀድሞ ተማሪ መጽሐፍ ያነብ ነበር፣ ዛሬ ይገለብጣል ይላሉ። እውነቱ ግን መገልበጥ ከኢንተርኔት በፊት የነበረ፣ እንዲያውም በመምህሩ ትእዛዝ ይፈጸም የነበረ ሥራ መሆኑ ነው። መምህር በጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ማስታወሻ ተማሪ ወደ ደብተሩ ይገለብጣል፤ በፈተና ቀን ደግሞ ከደብተሩ ወደ ፈተናው ወረቀት ይመልሳል። ይህን እያደረገ አሥራ ሁለት ዓመት የዘለቀ ልጅ ኮምፒዩተር ፊት ሲቀመጥ የተማረውን አደረገ እንጂ አዲስ ጥፋት አልፈጠረም። ድረ ገጹ ያመጣው ፍጥነትን ብቻ ነው።

የመዝጋት መፍትሔ በአገር ደረጃም ተሞክሯል። በ2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በማኅበራዊ መገናኛዎች ሾልኮ ከወጣና ከተሰረዘ በኋላ፣ በተከታዩ ዓመት የፈተናው ወቅት መንግሥት ኢንተርኔትን በአገሪቱ ዘጋ። ጥቂት ገጽ ወረቀት መጠበቅ ስላልተቻለ የሚሊዮኖች በር ተቆለፈ። ቆይቶም የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው፣ ያለ ስልክ፣ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ እንዲፈተኑ ተደረገ። ያን ጊዜ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። የተዘጋው በር የትምህርቱን ባዶነት አጋለጠ እንጂ ባዶውን አልሞላም። ኩረጃን ማስቆም አንድ ነገር ነው፤ ማስተማር ሌላ ነገር ነው።

ከዚህ በላይ ደግሞ መታሰብ ያለበት በሩ ሲዘጋ ከበስተኋላው ምን እንደሚቀር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ አድባራትና ገዳማት ያሉ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀምሮ ከ9 ሺህ በላይ መጻሕፍት ተነሥተዋል። የፊልሞቹ ቅጂ በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ፤ እውቁ ሊቅ ጌታቸው ኃይሌም ለብዙ ዐሥርት ዓመታት እየመረመሩ ዝርዝራቸውን አዘጋጁ። ዛሬ ከእነዚያ መጻሕፍት ብዙዎቹ በቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ ላይ ያለ ክፍያ ይነበባሉ። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ በስድስት ኪሎ ያሳተመው የጥናት መጽሔትም በአሜሪካው ጄስቶር መዝገብ ውስጥ ይገኛል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ሂናሪን፣ የምግብና እርሻ ድርጅትም በ2003 አጎራን ሲከፍቱ፣ በድሃ አገሮች ያሉ ተቋማት የሕክምናና የግብርና መጽሔቶችን በነጻ ወይም በአነስተኛ ዋጋ እንዲያነቡ ነበር። አንድ የላሊበላ ወይም የአክሱም ተማሪ በአያቶቹ እጅ የተጻፈ ብራና ለማየት አንዱ መንገዱ በሚኒሶታ በኩል ሆኗል። ነገሩ የሚያስቆጭ ነው። ይሁን እንጂ በሩን «ይዘጋ» የሚል ሰው ያንን ልጅ ከጉግል ብቻ ሳይሆን ከራሱ ቅርስም እያገደው መሆኑን ሊያውቅ ይገባል።

«ይገዛ» ባዮች

የሁለተኛው ጎራ ሙግት ይበልጥ ያማረ፣ ይበልጥም ብዙ ገንዘብ የፈጀ ነው። በ1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ሲገባ የተነገረው ተስፋ ዛሬ ከሚነገረው ብዙም የራቀ አልነበረም። ሩቅ ያለውም ሆነ ቅርብ ያለው ተማሪ እኩል ትምህርት ያገኛል ተባለ። አብዛኛው በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በእንግሊዝኛ የሚሰጠው ትምህርት በሳተላይት ተሠራጨ። የክፍለ ጊዜውን አብዛኛ ደቂቃ ቴሌቪዥኑ ወሰደ፤ ለመምህሩ የቀረለት ማስተዋወቅና ማጠቃለል ነበር። ተማሪው ያልገባው ነገር ቢኖር እጁን ያወጣል፤ ማያ ገጹ ግን አያይም፣ አይሰማም፣ አይቆምም። ያ ሥርዓት ያጎደለው እውቀትን አልነበረም፤ ያጎደለው ጥያቄ የሚሰማ ጆሮን ነው። መምህሩም በገዛ ክፍሉ ውስጥ አስተናጋጅ ሆኖ ቀረ።

ጎረቤት አገሮችም ከዚህ ፈተና አላመለጡም። በኬንያ በ2013 እ.ኤ.አ. ምርጫ ለአንደኛ ክፍል ልጆች ሁሉ ላፕቶፕ እንደሚታደል ቃል ተገባ፤ ሥራው በ2016 ሲጀመር ላፕቶፑ ታብሌት ሆነ። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለትንንሽ ልጆች የታሰበውን ርካሽ ላፕቶፕ በብዛት አስገባች። ይኸው ላፕቶፕ በፔሩ 319 የገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተጠንቶ በ2012 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲታተም፣ በልጆቹ የሒሳብና የቋንቋ ውጤት ላይ የታየ መሻሻል አልነበረም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ሣጥኑ ከጥያቄው ቀድሞ ሲገባ ሣጥኑ አቧራ ይጠጣል፤ ጥያቄውም ሳይጠየቅ ይቀራል።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ከ26 ሚሊዮን የማያንሱ የኢትዮጵያ ተማሪዎች ቤታቸው ዋሉ። በከተማ ያሉ ትምህርት ቤቶች ማስታወሻና የቤት ሥራ በቴሌግራም ላኩ፤ ስልክ ያለው ቤተሰብ ተቀበለ፣ የሌለው ተመለከተ። ከዚያም ወዲህ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር የታተመው መጽሐፍ ሳይዳረስ ቅጂው በስልክ ተበተነ። በዚያው ጊዜ ስልክ ይዞ ወደ ግቢ መግባት የሚከለክለው ደንብ በየትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጥፎ ነበር። መጽሐፉ በስልክ ውስጥ፣ ስልኩም ከበር ውጭ መሆኑ ነው። መሣሪያው ተገዝቶም ሆነ ተከልክሎ፣ በእርሱ ምን ይሠራ እንደሆነ የወሰነ ሰው አልነበረም።

አንድም

ለመሆኑ ምርምር ማለት ለዚህ ምድር እንግዳ ነገር ነውን? በጎንደርና በጎጃም ጉባኤ ቤቶች መጽሐፍ የሚማር ደቀ መዝሙር ንባቡን በግእዝ ይሰማል፤ ትርጓሜውን በአማርኛ ይቀበላል። ትርጓሜውም አንድ ብቻ አይደለም። «አንድም» እያለ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ሐተታ ይደረድራል፤ ላይ ቤት እንዲህ ሲል ታች ቤት እንዲህ ይላል ብሎም የሐሳቡን ባለቤት ይለያል። በሐረርና በወሎው ዳና ኪታብ የቀራ ደረሳ ከሸኹ ኢጃዛ ሲቀበል፣ ሸኹ ከማን፣ የሸኹም ሸኽ ከማን እንደቀሩ አብሮ ይረከባል። ሐዲስ የሚጠቅስ ሰውም ቃሉ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ፣ ማለትም ኢስናዱን ይጠየቃል። በሶማሌ ቁርአን ቤቶች ልጆች የዐረብኛውን አናባቢ የሚያጠኑት ሸኽ ዩሱፍ አል-ከውነይን ባበጁት የሶማልኛ ስያሜ ነው። እነዚህ ቤቶች እንከን የላቸውም ማለት አይደለም፤ ቃል በቃል ማጥናት የበዛባቸው፣ አለንጋም ያልራቃቸው ነበሩ። ሆኖም ሁለት ነገር ያውቁ ነበር። አንደኛው፣ ሐሳብ ባለቤት እንዳለው ነው። ሁለተኛው፣ በባዕድ ቋንቋ የተነበበ ነገር በአፍ መፍቻ ቋንቋ ሳይብራራ እንደማይገባ ነው።

ዘመናዊው ክፍል ሁለቱንም ጥሏል። ተማሪው በእንግሊዝኛ አንብቦ በእንግሊዝኛ እንዲጽፍ ይታዘዛል፤ በራሱ አነጋገር መልሶ ለመጻፍ የሚያበቃ እንግሊዝኛ ግን አልተሰጠውም። እንግዲህ ከመገልበጥ ሌላ ምን መንገድ ቀረለት? ብዙ ጊዜ ሌብነት ተብሎ የሚኮነነው ነገር ሥሩ የቋንቋ እጦት ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ብሎ መገሠጽ ቀላል ነው፤ ልጁ የራሱን ብር እንኳ እንዲያወጣ አለመፈቀዱን ማየት ግን ይቀድማል።

የጉባኤ ቤቱ ልማድ ለኢንተርኔት ዘመን አይሠራም የሚል ካለ፣ የአሜሪካኖቹን የሳም ዋይንበርግንና የሣራ ማክግሩን ጥናት ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው በዚህ ጥናት 10 የታሪክ ምሁራን፣ 25 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና 10 የመረጃ አጣሪ ባለሙያዎች የማያውቋቸውን ድረ ገጾች እንዲመዝኑ ተደረገ። ምሁራኑና ተማሪዎቹ ብዙውን ጊዜ እዚያው ገጽ ላይ ቆይተው ሲያነቡ በአርማው ማማርና በስሙ ክብር ተታለሉ። አጣሪዎቹ ግን ገጹን ወዲያው ትተው ሌሎች ገጾችን ከፈቱ፤ ይህን የጻፈው ማነው፣ ሌሎችስ ስለ እርሱ ምን ይላሉ ብለው ጠየቁ። ባነሰ ጊዜም ወደተሻለ ፍርድ ደረሱ። ስታንፎርድ የደረሰበት ነገር በጉባኤ ቤት ቋንቋ ሲነገር «አንድም» ማለት ነው።

አንድ ቀላል ምሳሌ ጉዳዩን ያሳያል። የዐድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1896። ከእንግሊዝኛ ገጽ ላይ ገልብጦ «1896 ዓ.ም.» ብሎ የጻፈ ተማሪ ጦርነቱን ስምንት ዓመት ወደ ፊት ገፍቶታል። ስሕተቱ የድረ ገጹ አይደለም፤ ገጹ በራሱ አቆጣጠር ትክክል ነው። የጎደለው «ይህን የጻፈው ማነው? በየትኛው አቆጣጠር ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ነው። የዐድዋ ጦርነት መነሻ ራሱ የሁለት ጽሑፎች ልዩነት መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ዐፄ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መገናኘት ይችላሉ ሲል፣ በኢጣሊያንኛው ግዴታ ተደርጎ ተወሰደ። ሁለቱን ጽሑፎች አስተያይቶ «ይህ ቃል ከዚያ አይገጥምም» ያለ ሰው ባይኖር ኖሮ የአገሪቱ ነጻነት በአንድ ግሥ ተሸጦ ነበር። የዚያች አገር ልጆች ዛሬ አንድ ገጽ ከሌላ ገጽ ጋር ሳያስተያዩ ሲያልፉ የሚያጡት ከአሥር ሁለት ነጥብ ብቻ አይደለም።

ምን ይደረግ?

መድኃኒቱ ከመምህሩ ይጀምራል። ሙግተኞች እዚህ ላይ ሲደርሱ ስለ ደመወዙ ማነስ፣ ስለ ክፍሉ መጨናነቅና ስለ መብራቱ መጥፋት ይናገራሉ። የሚሉት ሁሉ እውነት ነው። ይሁንና «ከማን ሰማኸው?» ብሎ ለመጠየቅ መብራት አያስፈልግም። አንድ መምህር ስለ አንድ ጉዳይ የሚለያዩ ሁለት ገጾችን አሳትሞ ከግድግዳው ላይ ቢለጥፍ፣ ስድሳ ተማሪዎች በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ የትኛው ምን እንዳለ፣ ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደጻፈው ሊከራከሩ ይችላሉ። ክርክሩ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ ወይም በትግርኛ ቢሆን እንግሊዝኛው አይጎዳም፤ እንዲያውም ይገባል።

ሁለተኛው የቤት ሥራው ዓይነት ነው። «ስለ አፈር መሸርሸር ጻፍ» የሚል ትእዛዝ መልሱ በሺሕ ገጽ ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። «በሰፈርህ ያለው ገደል ካለፈው ክረምት ወዲህ ስንት እርምጃ ሰፋ? ድረ ገጹ የሚለው ምክንያት እዚህ ይሠራል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ግን የትኛውም የፎቶ ኮፒ ቤት አትሞ አይሸጠውም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የሚለው ብሂል እዚህ ላይ ነው ቦታው። ድረ ገጹ ልጁ በገዛ ዓይኑ ያየውን የሚመዝንበት ሚዛን እንጂ ዓይኑን የሚሸፍንበት ግርዶሽ መሆን የለበትም። ውጤቱም በጥራዙ ውፍረት ሳይሆን ተማሪው ቆሞ ለሦስት ደቂቃ ሲጠየቅ በሚሰጠው መልስ ይለካ። ስድሳውን ሁሉ መጠየቅ ካልተቻለ ስድስቱ በዕጣ ይጠየቁ፤ ዕጣው በማን ላይ እንደሚወድቅ ስለማይታወቅ ስድሳውም አንብቦ ይመጣል።

ሦስተኛው፣ መስመር የሌለው ትምህርት ቤት መስመር እስኪመጣ እጁን አጣጥፎ እንዳይቀመጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ያለው ኪዊክስ የተባለ ነጻ ፕሮግራም ዊኪፔዲያን በፍላሽ አስቀምጦ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። አንድ አሮጌ ኮምፒዩተርና አንድ ፍላሽ ያለው ቤተ መጻሕፍት ለብዙ መደርደሪያ የሚተርፍ ጽሑፍ አለው። ለዚህ የሚያስፈልገው ወጪ ለአንድ የምረቃ ድንኳን ከሚወጣው አይበልጥም።

አራተኛው መጻፍ ነው። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች ሲኖሩት፣ የስዋሂሊው ከ80 ሺህ በላይ አሉት፤ የአማርኛው ግን ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ብቻ ናቸው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ አጫጭር ናቸው። ፊደሉ እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ ሰበቡ የፊደል አይደለም። የኬንያና የታንዛንያ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ጉግል ባዘጋጀው ውድድር በስዋሂሊ ጽሑፍ እንዲያበረክቱ ተጋብዘው ነበር። የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ስለ ወረዳው ወንዝ፣ ስለ ገበያው፣ ስለ አካባቢው ታሪክ አንድ አንቀጽ ሲጽፍ፣ የታተመ ምንጭ ካላቀረበ ሌላው አርታዒ ሊሰርዝበት ይችላል። ያ መሰረዝ ከማንኛውም ንግግር የበለጠ ያስተምረዋል። አያቱ የነገሩት ታሪክ ተቀባይነት ሲያጣ ደግሞ ለምን እንዳልታተመ ይጠይቃል፤ ምናልባትም እርሱ ራሱ መዝግቦ የሚያሳትም ሰው ይሆናል።

ይህ ሁሉ ነገ ይደረስበታል ተብሎ የሚቆይ አይደለም። ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ወዲህ ቻትጂፒቲንና መሰሎቹን የያዘ ተማሪ የፎቶ ኮፒ ቤቱን ደጃፍ እንኳ መርገጥ አያስፈልገውም። ድረ ገጹ ቢያንስ ስም፣ ቀንና አድራሻ ነበረው፤ የፈለገ ሰው ተከትሎ ወደ ጸሐፊው ይደርሳል። አዲሱ መሣሪያ ግን የብዙ ሰዎችን ቃል ቀላቅሎ፣ ባለቤቱን ደብቆ፣ በልበ ሙሉነት ይናገራል፤ ሲሳሳትም በዚያው ልበ ሙሉነት ነው። «ይዘጋ» ባዮች ይህም ይዘጋ ይላሉ፤ «ይገዛ» ባዮችም ይህም ይገዛ ይላሉ። በመካከላቸው የተቀመጠው ልጅ በዚህም በዚያም አይድንም።

የትምህርት ሚኒስቴሮች፣ የዞንና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የኮምፒዩተር ቁጥር በሪፖርታቸው ላይ ማስፈራቸውን ይቀጥሉ ይሆናል። ሱፐርቫይዘር ወደ ክፍል ሲገባ ግን ሊቆጥር የሚገባው ሌላ ነገር አለ፤ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ስንት ተማሪ «ይህን ከማን ሰማኸው?» ተብሎ ተጠየቀ? ስንት ተማሪስ ደፍሮ መምህሩን መልሶ ጠየቀ? ይህ ቁጥር ዜሮ በሆነበት ክፍል ውስጥ መስመር ቢገባም ባይገባም ልዩነት የለውም። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት እንደሆነ ነገም በማለዳ ይከፍታል።